የመትቶ ሳሚ ፋሲካ

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንዱ እዚህ ድንጋዩ ላይ፣ ሌላው እዚያ ሣሩ ላይ፤ ቦታ አይጠበንም። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ከበረዳችሁ ጋቢየን ተካፈሉት። የምነግራችሁ ስለ አንድ ቡጢኛ ነው። ቡጢኛ ስላልሁ ግን ጡጫ ጡጫውን ብቻ አትጠብቁ፤ ፍሬው ያለው ከጡጫው ወዲያ ነው። የማወራላችሁም በእናቱ ዓይን ነው። ለልጅ ከእናት የበለጠ ተመልካች ከየት ይገኛል?

እናቱ የብርጓል ትባላለች። ቤቷ ባሕር ዳር፣ ደንገሉ አልቆ መንደሩ ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ባሏ ቄስ ፅጌ ማርያም በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ደብር የሚቀድሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቃላቸው ግን እንደ ዋንዛ ግንድ የማይነቃነቅ ሰው ነበሩ። እግዜር አንድ ልጅ ሰጣቸው፤ ዳኘው።

ዳኘው ዳዊቱን ጨርሶ ድቁና ለመቀበል ሲሰናዳ ዘመኑ ተገለበጠ። ደርግ መጣ። ልጁም እንደ እኩዮቹ ክር ፋብሪካ ገባ፤ የተመደበው ቀለም ክፍል ነውና አንድ ቀን እጁ ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይመጣል። ታንኳ ሲቀዝፍ ያደገ ትከሻ ነበረው፤ የፋብሪካው የስፖርት ሰዎች ያን ትከሻ አይተው ጓንት አጠለቁለት። ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ! የገጠመውን ሁሉ ይጥል ጀመር። መጀመሪያ የፋብሪካው፣ ቀጥሎ የጎጃም ክፍለ ሀገር ሻምፒዮን ሆነ።

አንድ ልማድ ነበረው። የጣለውን ሰው ብድግ ያደርግና፣ አቅፎ ሦስት ጊዜ ጉንጩን ስሞ፣ የሰውየውን እጅ ከራሱ እጅ ጋር ወደ ላይ ያነሣዋል። ሕዝቡ በዚህ ያብዳል። «መትቶ ሳሚ!» አለው፤ ስሙ በዚያው ጸና። የማይወዱለትም አልጠፉም። አንድ ጊዜ ከጎርጎራ በጀልባ ሐይቁን አቋርጠው የራሳቸውን ልጅ ሊያጋጥሙ የመጡ ሰዎች፣ «መጣሉስ ይሁን፤ ደሞ እንደ ጡት ልጅ ይስምልናል እንዴ? ንቀት ነው!» ብለው ተቆጥተው ተመልሰዋል። ከተማውም በእሱ ነገር ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ደግነት ነው» ይላል፣ ግማሹ «ጉራ ነው» ይላል።

ቄስ ፅጌ ማርያም ግን ከሁሉም የከበደውን ተናገሩ። «ሰውን እየጎዱ መሳም የማን ሥራ እንደሆነ ወንጌል ነግሮናል። የይሁዳ ነው። ይህ ልጅ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ አይቀርብም» አሉ።

ዳኘው ፋብሪካው አጠገብ ቤት ተከራየ። የብርጓልም ልቧ ሁለት ቤት ገባ። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ዶሮውን ትሠራለች፤ ቄሱ ከቅዳሴ መልስ ብቻቸውን ይገድፋሉ። እሷ የልጇን ድርሻ ከድና ታስቀምጥና ሲነጋ ይዛለት ትሄዳለች። እስክትደርስ ወጡ ይቀዘቅዛል። «እንኳን አደረሰህ» ብላ የቀዘቀዘ ወጥ ለልጅ ማቅረብ ምን እንደሚመስል እናት የሆነች ታውቀዋለች።

«አምላኬ፣ ሀብት አልጠይቅህም» ትል ነበር። «አንድ ፋሲካ ብቻ። የሁለቱ እጅ ከአንድ ገበታ ላይ ሲገናኝ አሳየኝ።» ልመናዋ ይኸው ነበር፤ ሌላ የላትም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ከጸሎተ ሐሙስ ጋር ገጠመ። በዚያ ቀን ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ሠራተኞች ባሕር ዳር ላይ ይወዳደራሉ ተባለ። ለዳኘው የደረሰው ከድሬዳዋ የመጣ፣ ሙክታር የሚባል ቡጢኛ ነው።

ረቡዕ ዕለት ዳኘው እናቱን ሊያይ ወደ ሐይቁ ዳር መጣ። ራቅ ብሎ ቆመ እንጂ አልሳማትም። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ይሁዳ ጌታን በመሳም ስለሸጠው በሰሙነ ሕማማት የእኛ ሰው አይሳሳምም፣ እጅ ለእጅም አይጨባበጥም። ቄስም መስቀል አያሳልምም።

«ነገን ተወው ልጄ» አለችው። «በጸሎተ ሐሙስ እንኳ?»

«ለመንኋቸው እኮ እማየ! ቀኑን አሳልፉልኝ ብየ ጠየቅሁ። ‹የወዛደሩ በዓል በአባትህ ባሕረ ሐሳብ አይቆጠርም› ብለው ሳቁብኝ። ብቀር ደግሞ የቄስ ልጅ ስለሆነ ነው ብለው ነገሩን ወደ አባቴ ያዞሩታል።»

የብርጓል ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች። ከዚያ፣ «እንግዲህ ፈጣሪ ይጠብቅህ። ያን ልጅም ይጠብቀው» አለች።

«የምገጥመውን?»

«እሱስ እናት የለችውም?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የብርጓል በደብሩ ግቢ ከሴቶቹ ጋር ጉልባን ታድል ነበር። ቄስ ፅጌ ማርያም ነጠላቸውን ታጥቀው፣ እንደ ሥርዓቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ከኳስ ሜዳው የሚጮኸው ድምፅ ማጉያ ግን ግቢው ድረስ ይሰማል። የብርጓል ጆሮዋን ለመድፈን ሞክራ አልሆነላትም። ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቶ፣ በመጨረሻ «መትቶ ሳሚ! መትቶ ሳሚ!» የሚል ጩኸት ሐይቁን ሞላው። «አሸነፈ» አለች በልቧ። ቀጥሎ «ሳመው! ሳመው!» ሲሉ ሰማች። ቀጥሎ ዝም ተባለ። ከዚያ ፉጨት መጣ፤ የደስታ ያልሆነ፣ ክፉ ፉጨት።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቷ አገርነሽ እያለከለከች ገባች። አገርነሽን ወሬ ቀድሟት አያውቅም።

«አሸነፈ አይደል?» አለች የብርጓል።

«ማሸነፉንስ አሸነፈ! ግን ጉድ አፈላ ልጅሽ!»

«ምን አደረገ?»

«ያ የድሬዳዋ ልጅ ከንፈሩ ተተርትሮ፣ ሳቅ ብሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ መጣለት። ጓድ ካድሬው በማጉያው ‹ጓዶቹ ይተቃቀፋሉ!› ይላል። ሕዝቡ ሳመው ይላል። ልጅሽ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንገቱን ደፋ! ሰውየው ክንዱን እንደ ዘረጋ ቀረ። እንደ ዘረጋ የብርጓል!»

«ሕማማት ነዋ አገርነሽ!»

«እሱማ ለእኔም ገብቶኛል። ግን ሰው መደብደብ ተፈቅዶ ሰው መጨበጥ የሚከለከልበት እንዴት ያለ ሕማማት ነው? እስኪ ንገሪኝ!»

የብርጓል ዘወር ስትል ቄስ ፅጌ ማርያም እግር ማጠባቸውን ትተው ቀና ብለው ነበር።

«እጁን ወዴት አደረገ አልሽ?» ሲሉ አገርነሽን ጠየቁ።

«ወደ ኋላ አባ። እንዲህ!»

ቄሱ ጎንበስ አሉና በእጃቸው የነበረውን የአንድ ሽማግሌ እግር ያደርቁ ጀመር። ደርቆም ያደርቁት ነበር።

እስኪመሽ ድረስ የዳኘው ስም ከሰማይ ወርዶ ከመሬት ተፈጠፈጠ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው እንደ አገርነሽ ሳቀበት። የፋብሪካው ሰው «ኮራብን» አለ። ካድሬው «ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ጓድ አዋረደ» ብሎ ተቆጣ፤ እንግዶቹ ወዳረፉበት ቤት እንዳይደርስም ለዘበኛው አስጠነቀቀ። የሰፈር ልጆች «መትቶ ሳሚ»ን ትተው «መትቶ ኮሪ» አሉት። ጠዋት ያወጡለትን ዘፈን ማታ ገልብጠው ዘፈኑበት።

ዳኘው አፉን አልከፈተም። «ስለ ሕማማት ነው» ብሎ ለባለሥልጣኖቹ ቢናገር አባቱ ላይ ጣት ይቀሰራል። ጥፋቱን ግን ያውቀዋል። ለሙክታር አስቀድሞ ሊነግረው ይገባ ነበር፤ አልነገረውም። ከተወለደ ጀምሮ በዚያ ሳምንት እጁን ለሰላምታ የሚዘረጋ ሰው አይቶ ስለማያውቅ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነገር መስሎት ነበር።

በማግስቱ ስቅለት ነው። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ዋለ። ዳኘው አንድ ዓይኑ አብጦ መጣና ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም በስተኋላ ቆመ። አጠገቡ የነበሩት ፈቀቅ አሉ። እሱ ይሰግዳል፣ ይነሣል፣ ይሰግዳል። አንዷ ሴት ለሌላዋ፣ «ሰው መሳም ንቆ መሬት ይስማል» ስትል የብርጓል ሰማች። ጥርሷን ነክሳ እሷም ሰገደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጥብጠባው ሰዓት ደረሰ። ቀሳውስቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሰው በየተራ ቀርቦ በሳምንቱ የበደለውን ይናገራል፤ ቄሱ ጀርባውን በወይራው ቸብ ቸብ አድርጎ ስግደት ይሰጠዋል። ዳኘው ተሰለፈ። የተሰለፈውም በአባቱ በኩል ነው። የብርጓል ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ አየችው።

ተራው ደርሶ ጎንበስ አለ። ያ ማንም የማይጥለው ሰው እንደ ሕፃን ጀርባውን ሰጠ። ቄሱ ቀና ብለው አላዩትም።

«ምን በደልህ?»

«ሰው መታሁ አባ። በጸሎተ ሐሙስ።»

«ሌላስ?»

«እጁን ዘረጋልኝ፤ አልጨበጥሁትም። ቀኑን ፈርቼ። ቀኑ ነው እንዳይል እሱ ቀኑን አያውቅም፤ የናቅሁት መሰለው።»

«ከሁለቱ የትኛው ይከብድሃል?»

«ሁለተኛው። ስለ ቡጢውስ እሱም መትቶኛል።»

ከተሰለፉት አንዱ ሳቁ አመለጠው። ቄስ ፅጌ ማርያም አልሳቁም። ወይራውን አንሥተው የልጃቸውን ጀርባ ነካ አደረጉት። ስግደቱን ሰጡት። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንጌል መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ሂድና ያን ሰው ታረቀው። ፋሲካን እሱን ይዘህ ከመጣህ፣ ከእኔ ጋር ትገድፋለህ» አሉት።

አያችሁ ልጆቼ፣ በሩ ተከፈተ። ግን እንግዶቹ ነገ ቅዳሜ ማለዳ በአውቶቡስ ሊሄዱ ነው። ፋሲካ ደግሞ እሑድ ነው፤ እስከ እሑድ ደግሞ እጅ አይጨበጥም። ዳኘው ወደ እንግዶቹ ቤት እንዳይደርስ ተከልክሏል። ያን ሁሉ ዓመት የለመነችው ነገር በአንድ አውቶቡስ ሊያመልጣት ሆነ።

የብርጓል አላለቀሰችም። ከቤቷ ደጃፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣችና፣ አባቶቻችን ይቅርታ ሲለምኑ እንደሚያደርጉት በማጅራቷ ተሸክማ በዚያው ማታ ወደ እንግዶቹ ቤት ሄደች። ዘበኛው አንዲት የቄስ ሚስት ድንጋይ ተሸክማ ሲያይ ለመከልከል አፉ አልታዘዘውም። ሙክታር ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ከንፈሩን በጨርቅ ይዞ ነበር። ብድግ አለ።

«አቦ! እማማ፣ ምንድነው የተሸከምሽው? አውርጂው ባክሽ!»

የብርጓል ከሁሉ በፊት «አንቺ» መባሏ ገረማት። የእኛ አገር ሴት ለባሏ እንኳ «እርስዎ» ትላለች፤ የድሬዳዋ ሰው ግን ትልቁንም ትንሹንም እንደ ወንድሙ ነው የሚያናግረው። ቅር አላላትም። እንደ ልጇ ቅርብ ሆነባት።

«ሳትምረን አላወርድም» አለች። «የዚያ የመታህ ልጅ እናት ነኝ።»

«ምሬያለሁ፣ ምሬያለሁ! አውርጂው ብቻ!» ራሱ ድንጋዩን ተቀብሎ አስቀመጠው።

ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ የይሁዳን ነገር፣ የሳምንቱን ሥርዓት፣ የቄሱን ቃል፣ የቀዘቀዘውን ወጥ። ሙክታር ሰምቶ ሰምቶ በመጨረሻ መሣቅ ሲጀምር የተሰፋው ከንፈሩ አሳመመውና፣ «ወይኔ!» ብሎ እንደገና ሣቀ።

«እኔ እኮ ምን በድዬው ነው ስል ነው ያደርኩት! ቡጢው አላመመኝም፤ እጄ ተዘርግቶ መቅረቱ ነው ያመመኝ። ታዲያ ለምን አልነገረኝም? እኔስ ጾም አላውቅም? አምና በረመዳን ጾሜን ይዤ ስጋጠም አፌን ተጉመጥምጬ ውሃውን ስተፋው ሕዝቡ ‹ጠጣ እንጂ፣ ምን ያኮራሃል!› ብሎ ሰደበኝ። እኔም ዝም አልኩ።»

«እንግዲያስ እስከ እሑድ ቆይልኝ ልጄ።»

«አውቶቡሱ ነገ ነው እኮ። ቡድን መሪያችን ይገለኛል።»

«እሱንም በድንጋዩ እለምነዋለሁ» ብላ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለች።

«ተይው፣ ተይው!» አለ ሙክታር እጁን እያወናጨፈ። «አንቺ ድንጋይ ካነሣሽማ ማን ይችልሻል። እቆያለሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡሱ ያለ እሱ ሄደ። የብርጓልም ቀኑን ሙሉ ያሰበችው አንድ ነገር ነው። ይህ ልጅ የእኛን ዕርድ አይበላም፤ ምን አቀርብለታለሁ? ከዚያ ሐይቁን ቀና ብላ አየችና በራሷ ሣቀች። አጥማጆቹ ዘንድ ወርዳ ትኩስ ቀረሶ ዓሣ መረጠች፤ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ መጥበሻም ከአገርነሽ ተዋሰች። አገርነሽ «ለማን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ የብርጓል «ነገ ታይዋለሽ» ብላ አለፈች። ያን ቀን አገርነሽን ወሬ ቀደማት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ከደብሩ ሲወጣ፣ ሙክታር ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር። የፋብሪካው ሰዎች አዩት፤ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ካድሬውም እናቱን ሊያደርስ መጥቶ ኖሮ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር አንገቱን አስግጎ ይመለከታል። ዳኘው ወጣ።

ሙክታር ክንዱን ዘረጋ። ልክ እንደ ሐሙሱ፤ በዚያው ቁመት፣ በዚያው ፈገግታ። አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት የቀረበትን ክንድ በሕዝብ ፊት ሁለተኛ ዘረጋው። ዳኘው ሮጦ ገባበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሳመው። ከዚያ የሙክታርን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሣው። መጀመሪያ እልልታውን ያቀለጠችው ማን ትመስላችኋለች? አገርነሽ ናት። «መትቶ ሳሚ!» የሚለው ቀጠለ፤ ሐሙስ ያፏጨው አፍ ሁሉ ያን ዕለት ዘመረ።

ካድሬው ጠጋ ብሎ ሙክታርን፣ «ጓድ፣ ሐሙስ ዕለት ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አለው።

«የእኔና የሱ ነገር ነበር፤ አልቋል» አለ ሙክታር። ስለ ሕማማትም፣ ስለ ቄሱም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የብርጓል ይህንንም ቆማ ሰማች።

ቄስ ፅጌ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ልጃቸውን አሳለሙት። የሙክታርን ከንፈር ተመለከቱና፣ «ይህን ያደረገው የእኔ ልጅ ነው?» አሉት።

«አዎ አባ። የሱን ዓይን ደሞ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ቄሱ ሣቁ። ሲሥቁ የብርጓል እንግዳ ነገር ያየች ያህል ቆመች።

ቤት ገቡ። ዶሮው በአንድ በኩል፣ የሙክታር ዓሣ በሌላ በኩል ቀረበ። ቄሱ ባርከው እንጀራውን ቆረሱ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን ወደ አፋቸው አላደረጉም። «ሲስም አይቼ ይሁዳ ብየው ነበር» አሉ። «ይሁዳ መሳም እንጂ መታረቅ አያውቅም። ይህ ልጅ ግን ታረቀ። ያን ቃሌን ጣና ይውሰደው።» ጉርሻውንም ለዳኘው አጎረሱት። ዳኘው የአባቱን እጅ ከአፉ ላይ ይዞ አስቀረው። ወጡ ይፋጅ ነበር።

የብርጓል መብላት አቃታት። ወደ ደጃፉ ወጣች። ሐይቁ ገና እየነጋለት ነው። «ተመስገን» አለች፤ ቀጥላም «ተመስገን» አለች። ከውስጥ ሙክታር «እማማ! ዓሣሽ ሊያልቅ ነው!» ሲል ተጣራ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ። ዳኘው ጓንቱን ሰቅሎ ወጣቶች ያሠለጥን ጀመር። ሰውም አንዴ አነሣው፣ አንዴ ጣለው፤ መንግሥት ሲለወጥ «የደርግ ቡጢኛ» ያሉት ነበሩ፣ ቆይተው ደግሞ «የእኛ ሻምፒዮን» ያሉት እነዚያው ናቸው። የብርጓል ሁለቱንም እየሰማች ፈገግ ትላለች። እሷ የምትቆጥረው ሌላ ነው። ፋሲካ በመጣ ቁጥር፣ ዶሮው ሳይወጣ በፊት አንድ ዓሣ ትጠብሳለች፤ በሙክታር ስም ለመጀመሪያው መንገደኛ ትሰጣለች። እስክታርፍ ድረስ አላቋረጠችም።

እናንተም ልጆቼ፣ ቡጢኛውን ብትረሱት አልቀየማችሁም፤ አሸናፊን የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ። በፋሲካ ማለዳ በሐይቁ ዳር ስታልፉ የዓሣ ጥብስ ከሸተታችሁ ግን፣ ያን የተሸነፈውን፣ ቀርቶበት ሳለ ክንዱን ሁለተኛ የዘረጋውን ልጅ አስቡልኝ። ስሙ ሙክታር ነው። አደራችሁን።